የዓረብ ጠብታ፣ የእንግሊዝ ርጭት፦ ለሽቶ ሲከፍሉ ለምኑ ነው የሚከፍሉት?

ጉምሩክ ለቃሊቲ ሰው ጎረቤት ነው። ከውጭ የመጣ ሽቶ ለምን እንዲህ ይወደዳል ካሉ፣ የመልሱ ግማሽ ከዚያው ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ (ኤክሳይዝ በቅንጦትና በመሰል ዕቃዎች ላይ የሚጣል ግብር ነው) በሽቶ ላይ 100 በመቶ ጥሎ ነበር። በዚያ ስሌት 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመርበት፣ የ100 ብሩ ዕቃ የጉምሩክ ቀረጡ ሳይቆጠር እንኳ 230 ብር ይደርስ ነበር።

ሌላው ግማሽ ጠርሙሱ ውስጥ ነው።

ሽቶ ማለት መዓዛ ያለው ዘይትና ዘይቱን የሚሸከም ነገር ነው። ዓረቦች ዘይቱን በጠብታ አንገትና የእጅ አንጓ ላይ ይቀቡታል፤ አታር ይባላል። አልኮል የለበትም። እንግሊዞች ግን በአልኮል አቅጥነው ይረጩታል።

ሁለቱም ጋ ሙያው በቤተሰብ ሲወርድ የኖረ ነው። ከሚኖርካ ደሴት የመጣው ሁዋን ፋሜንያስ ፍሎሪስ ለንደን፣ ጀርሚን ጎዳና ላይ ሱቁን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1730 ነው፤ ዛሬም ዘሮቹ አሉበት። የአብዱል ሰመድ አል ቁረሺ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1852 መካ ላይ ተጀመረ።

ሁለቱን ማዋሃድስ ይቻላል? ይቻላል፤ አዲስ ነገርም አይደለም። ዊልያም ፔንሃሊገን የተባለ የለንደን ፀጉር አስተካካይ እ.ኤ.አ. በ1872 ሐማም ቡኬ የሚባል ሽቶ ሠራ። መነሻው በአቅራቢያው የነበረው የቱርክ መታጠቢያ ቤት ነው። ቱርክ ዓረብ አይደለም ካሉኝ ልክ ነዎት፤ የጽጌረዳው ፍቅር ግን የጋራቸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መዓዛ በሦስት ተራ ይወጣል። መጀመሪያ የብርቱካንና የሎሚ ልጣጭ ይሸታል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይበናል። ጽጌረዳና መሰል አበቦች ጥቂት ሰዓት ይቆያሉ። ከሥር ዑድ (ሻጋታ የያዘው የአጋር ዛፍ እንጨት ነው)፣ የሰንደል እንጨትና ዕጣን ይቀራሉ፤ እነዚህ ልብስ ላይ በማግስቱም አይጠፉም። አዋሃጁ የላይኛውን ከእንግሊዝ፣ የታችኛውን ከዓረብ ይወስዳል። ዘይቶቹን በሚዛን ይለካል፣ ጨለማ ቦታ ለሳምንታት ያሳርፋል፣ አልኮል ጨምሮ እንደገና ያሳርፋል፣ ከዚያ ያጣራል።

ከዚያ ከሥረኛው ተራ አንዱ የእኛ አገር ዕቃ ነው፦ ዝባድ። በጅማና በኢሉባቦር ገበሬዎች ወንዱን ጥርኝ በጠባብ የእንጨት ቤት ያኖሩታል፤ በየ9 ወይም በየ10 ቀኑ ገደማ ከጭራው ሥር ካለው ዕጢ ዝባዱን በማንኪያ ያወጣሉ። ቅቤ የመሰለ ቢጫ ነገር ነው፤ ሲቆይ ይጠቁራል። በከብት ቀንድ ታሽጎ ለገበያ ይቀርባል። ለብቻው አፍንጫ ያስይዛል። ቅንጣቱ በአልኮል ሲቀጥን ግን ሽታው ደስ ይላል፣ የሌላውንም መዓዛ አጽንቶ ያቆያል። አሁን ብዙዎቹ ታላላቅ ሽቶ ቤቶች በሰው ሠራሹ ተክተውታል፤ አንዱ ምክንያት የእንስሳው አያያዝ ነው። ወቀሳው ተገቢ ይመስለኛል።

ታዲያ የቱ ያዋጣል? የጠርሙሱ ትልቅነት አያታልልዎ። በአልኮል ከቀጠኑት ሽቶዎች ኦ ደ ኮሎኝ ከ2 እስከ 5 በመቶ፣ ኦ ደ ቷሌት ከ5 እስከ 15፣ ኦ ደ ፓርፋም ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ ዘይት አላቸው። 8 በመቶ ዘይት ያለው የ100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የያዘው ዘይት 8 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ያልተቀጠነ የ12 ሚሊ ሊትር አታር ግን ሁሉም ዘይት ነው። ስለዚህ ዋጋውን ለዘይቱ መጠን ያካፍሉት። ርካሽ አታር ሽታ በሌለው ዘይት የተበረዘ ሊሆን ስለሚችል ይህንንም ይጠይቁ።

ቤተሰባችን ቢሞክረውስ ካሉ፣ የግራም መቶኛን የሚለይ ሚዛንና ንጹሕ ኤታኖል ያስፈልግዎታል። ሜታኖል መርዝ ነው፤ አይንኩት። ኤታኖልም ቢሆን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከእሳት ያርቁት። የቤርጋሞት (ብርቱካን መሰል ፍሬ ነው) ዘይት ተቀብተው ፀሐይ ላይ አይውጡ፤ ቆዳ ያቃጥላል።

ሲገዙ ደግሞ አንጓዎ ላይ አስነክተው አንድ ሰዓት ያህል ዞር ዞር ይበሉ፤ ከወደዱት ተመልሰው ይክፈሉ። ሻጩ አላስሞክርም ካለዎ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።