በጉባኤ ስንመክር፦ የአመክንዮ ሕጸጾችን መለየት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሰበካ ጉባኤ፣ በሰንበት ትምህርት ቤትና በማኅበር የሚደረግ ምክክር የሚሰናከለው በክፉ ሐሳብ ብቻ አይደለም። መልካም የሚሹ ሰዎችም ትክክል በሚመስል፣ ነገር ግን ከማስረጃው ወደ ድምዳሜው በማያደርስ አነጋገር ይሳሳታሉ። ይህም የአመክንዮ ሕጸጽ ይባላል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 እና 9 የተጻፉት ክርክሮች ሦስቱን በግልጥ ያሳዩናል።

1. ነገሩን ትቶ ተናጋሪውን መንቀፍ

ዐይነ ስውር ሆኖ የተወለደው ሰው ስለ ፈወሰው ጌታ ሲመሰክር፣ ፈሪሳውያን ምስክርነቱን በመመርመር ፈንታ በኀጢአት የተወለደ መሆኑን አንሥተው አባረሩት (ዮሐ. 9፥30-34)። ኒቆዲሞስም ሰውን ሳይሰሙ መፍረድ በሕግ እንዳልተፈቀደ ሲያሳስብ፣ መልሱ ስለ ሕጉ ሳይሆን ስለ ገሊላ ሆነ (ዮሐ. 7፥50-52)። በእኛም ጉባኤ አንድ ወጣት ገቢና ወጪው እንደማይገጥም ሲያመለክት «አንተ የትናንት ልጅ!» ብሎ መመለስ ሒሳቡን አያስተካክለውም። ወጣቱን ግን ከጉባኤው፣ አንዳንዴም ከቤተ ክርስቲያን ያርቀዋል።

2. በሹመትና በብዛት ብቻ መደምደም

ፈሪሳውያን ከአለቆች በክርስቶስ ያመነ አለመኖሩን እንደ ማስረጃ አቀረቡ (ዮሐ. 7፥48)። ከነዓንን ሊሰልሉ ከተላኩት 12 ሰዎችም ዐሥሩ ሕዝቡን አስፈሩ፤ እውነቱ ግን ከኢያሱና ከካሌብ ጋር ነበረ (ዘኍ. 13-14)። ይህን ስንል የአባቶችን ቃል እንናቅ ማለታችን አይደለም። በሃይማኖት ጉዳይ የሊቃውንትን ምስክርነት መቀበል አንድ ነገር ነው፤ የጣሪያ ጥገና ዋጋን «አለቃው ብለዋል» ብሎ ሳይመረምሩ ማጽደቅ ግን ሌላ ነው።

3. ያለው መንገድ ሁለት ብቻ እንደ ሆነ ማቅረብ

ደቀ መዛሙርቱ ኀጢአት የሠራው ሰውየው ነው ወይስ ወላጆቹ ብለው ሲጠይቁ፣ ጌታችን ሁለቱንም አልተቀበለም፤ የእግዚአብሔር ሥራ እንዲገለጥ መሆኑን አስተማራቸው (ዮሐ. 9፥2-3)። «ወይ ዘንድሮ ሕንፃውን እንጀምራለን፣ ወይ አጥቢያው ይበተናል» የሚል ንግግር ስንሰማ፣ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ እንጠይቅ። አቅም በፈቀደ መጠን በየደረጃው መሥራትም ይቻላልና።

ምን እናድርግ?

የኢየሩሳሌሙ የሐዋርያት ጉባኤ ምሳሌያችን ነው (ሐዋ. 15)። በዚያ ብዙ ክርክር ነበረ፤ ማንም ግን አልታፈነም። ቅዱስ ጴጥሮስ የሆነውን ተናገረ፤ በርናባስና ጳውሎስ ሲተርኩ ሁሉም ጸጥ ብሎ አደመጠ፤ ቅዱስ ያዕቆብም ነገሩን ከነቢያት ቃል ጋር አመሳክሮ የውሳኔ ሐሳብ አቀረበ። መደማመጥ፣ ማስረጃና መጽሐፍ ቀድመው ውሳኔው ተከተለ። እኛም ከመወሰናችን በፊት «የተመለሰው የተጠየቀው ነውን? ማስረጃው ምንድን ነው? ያልታየ መንገድ አለን?» እንበል።

በመጨረሻም፣ ሕጸጽን መለየት ወንድምን መርቻ መሣሪያ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። አነጋገሩ ጎደሎ የሆነ ሰው የያዘው ሐሳብ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በአነጋገሩ ጉድለት ብቻ ሐሳቡን መጣልም ራሱ ሕጸጽ ነው። እንግዲህ በትሕትና እንጠይቀው፤ ሐሳቡን እንዲያቃና እንርዳው። የጉባኤ ዓላማ እውነትን በፍቅር ማግኘት ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።