የኤዲ ምሳ ዕቃ

“ፍሬሽ ኦፍ ዘ ቦት” ማለት “ገና ከመርከብ የወረደ” እንደ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ አዲስ መጤን ለማሽሟጠጥ የሚወረወር ቃል ነው። ኤቢሲ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2020 ያሳየው አስቂኝ ተከታታይ ድራማም በዚሁ ስም ይጠራል። መነሻው ኤዲ ሁዋንግ የተባለው ምግብ አብሳይ በ2013 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ ነው። ብዙ የቤተሰብ ኮሜዲ አይቻለሁ፤ ሌላውን ለመምሰል የሚከፈለውን ዋጋ እንደዚህኛው ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ግን ትዝ አይለኝም።

ጊዜው 1995 ነው። ዘራቸው ከታይዋን የሆነው ሁዋንጎች ከዋሽንግተን ዲሲ የቻይናውያን ሰፈር ለቀው ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ይገባሉ። ትልቁ ልጅ ኤዲ ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት ሲገባ ነገሩ ደህና ይጀምርለታል። በለበሰው የራፐር ቲሸርት የተነሳ ነጮቹ ልጆች አብሯቸው እንዲቀመጥ ይጋብዙታል። ምን ዋጋ አለው! እናቱ የቋጠረችለትን ኑድል ሲከፍት ተጸይፈው ያባርሩታል። ቤቱ ገብቶ እናቱን የሚለምነው “የነጮች ምሳ” እንድትገዛለት ነው። ልብ በሉ፤ ኑድሉን ይወደዋል፣ የቸገረው መቀመጫው ነው። (ዲሲና አካባቢዋ ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ሲያዩ ኑድሉን በፍርፍር መተካት አያቅታቸውም።)

የታሸገውን ምሳ ገዝታለት ማይክሮዌቭ ጋ ሲደርስ ደግሞ አንድ ጥቁር ልጅ ገፍትሮ በዘር ስድብ ይሰድበዋል። ያ ልጅ እስከዚያች ቀን ከሁሉም በታች የነበረው እሱ ነው፤ አሁን ከሱ በታች የሚሆን ተገኘለት። የድራማው ደፋር ትዕይንት ይህ ይመስለኛል። ለመግባት የሚጋፋ ሰው መጀመሪያ የሚረግጠው አጠገቡ ያለውን ነው። ጠብ ተነስቶ ወላጆቹ ሲጠሩ፣ ተሳዳቢው ለምን አልተቀጣም ብለው ርዕሰ መምህሩን ያፋጥጣሉ።

አባትየው ሉዊስም የራሱን ሒሳብ ይከፍላል። ደንበኛ እንዳይሸሸው ስቴክ ቤቱ በር ላይ ነጭ አስተናጋጅ ያቆማል። እናትየዋ ጄሲካ ግን እንዲህ በቀላሉ አትሸነፍም። በመጀመሪያው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ ለራት ያቀረበችው ማካሮኒ በቺዝ መሆኑን ስታይ ነው የምትደነግጠው። እሷም ሳታውቀው አሜሪካዊት ሆናለች!

የሚገርመው ድራማው ራሱ ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። ኤዲ ሁዋንግ በ2015 ታሪኬ ለብዙኃኑ አሜሪካዊ እንዲጥም ተለሳልሷል ብሎ አማረረ። በመጽሐፉ የጻፈው የአባቱ ዱላ በቴሌቪዥኑ የለም፤ ሉዊስ ሳቂታና የዋህ ሰው ነው። ሁዋንግ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ትረካውን ተወ። ለአቅሙ ቢሆን ከሱ ጋር ነኝ። ቢሆንም ስለ እስያውያን አሜሪካውያን ቤተሰብ የተሠራ እንዲህ ያለ ኮሜዲ በትልልቆቹ ጣቢያዎች ከታየ ከ1994 ወዲህ ሃያ ዓመት አልፎ ነበር። ያ የ1994ቱ ደግሞ ከአንድ ምዕራፍ አላለፈም።