ቁልቁለቱን የሚያውቅ ኮንዶሚኒየም

ኮንዶሚኒየም ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን መልክ አንድ ነው፤ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ያለው፣ ደረጃው በውጭ በኩል የሚወጣ፣ በየበረንዳው ልብስ የተሰጣበት ብሎክ። ይህ ሕንፃ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂ.ቲ.ዜድ ጋር በአዲስ አበባ ቦሌ ገርጂ በሙከራ ተሠራ። ከዚያ ጀሞን፣ ሰሚትን፣ የካ አባዶን ሞልቶ ወደ ክልል ከተሞችም ተሻገረ።

ንድፉን የወለደው ቁጠባ ነው። አራት ፎቅ ላይ የቆመው ሊፍት እንዳያስፈልገው ነው። ወለሉም በሙሉ በኮንክሪት አልተሞላም፤ ቀድመው በተመረቱ ቢሞች መካከል ባዶ ብሎኬት ይደረደርና ላዩ ላይ ስስ ኮንክሪት ይፈስሳል። በዚህም ሲሚንቶውም፣ ብረቱም፣ ለማቆሚያ የሚሄደው እንጨትም ይቀንሳል። ብሎኬቱን በማምረት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች እንጀራ አግኝተውበታል። ይህን ውለታ መካድ አይገባም። ጥፋቱ ያንኑ ንድፍ አገሩንና መሬቱን ሳያዩ በየቦታው መድገም ነው።

የካፋዋ ቦንጋ አሁን በዚህ ዓይነት ግንባታ ደጃፍ ላይ ናት። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከክልሉ መዲናዎች አንዷ ሆነች፤ ሠራተኛው ሲበዛ ወደ ላይ መሥራት አይቀርም። ከተማዋ ግን ሜዳ ላይ አይደለችም። ኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ ዝናቧ የማያባራ፣ ቆርቆሮ ቤቶቿ በእንሰትና በቡና ጓሮ የተከበቡ ከተማ ናት።

ቁልቁለት ላይ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ተራራውን ቆርጦ መደልደል ነው። የተቆረጠው ቀይ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ይንሸራተታል፤ እሱን ለመያዝ የሚቆመው የድጋፍ ግንብም ገንዘብ ይበላል። ሕንፃውን ከቁልቁለቱ ጋር ማስኬድ ይሻላል። መግቢያው ከላይኛው መንገድ በመካከለኛው ወለል በኩል ቢሆን፣ ነዋሪው ወይ ሁለት ፎቅ ይወርዳል ወይ ሁለት ፎቅ ይወጣል። አምስቱም ወለል ያለ ሊፍት ይኖርበታል፤ ጉልበታቸው የደከመ እናትም አራት ፎቅ አይወጡም። በላይኛው መንገድ ለሚያልፍ ሰው ደግሞ ሕንፃው ባለ ሁለት ፎቅ ብቻ ሆኖ ይታያል፤ ጎረቤቱን ቆርቆሮ ቤት አይውጠውም።

ዝናቡ ሌላው ዳኛ ነው። የጣሪያ ክፈፍ የሚያድነው የላይኛውን ወለል እንጂ የታችኛውን ግድግዳ አይደለም። ስለዚህ የየፎቁ በረንዳ ወደ ውጭ ሰፋ ብሎ ከሥሩ ላለው ቤት ክፈፍ ይሁነው። ጣሪያውን በግንብ ሸሽጎ አሸንዳውን ወደ ውስጥ ማስገባት ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ቅጠል የደፈነው ቀን ግን ውኃው መውጫ ያጣና ቤት ውስጥ ይገባል።

ስለ ኑሮው ከአዲስ አበባ የምንማረው አለ። በኮንዶሚኒየም ግቢዎች ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የጋራ ቤቶች ተሠርተው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ለኪራይና ለሌላ አገልግሎት ውለዋል። ሥራው ከበሩ ሲርቅ ሰው ይተወዋል። ካፋ ውስጥ ቡና ሳይቆላና ጎረቤት ሳይጠራ ቀን አይመሽም፤ ለጭሱ መውጫ፣ ለጎረቤቱ መቀመጫ የሚሆን ሰፊ በረንዳ በየፎቁ ያስፈልጋል። በብሎኮቹ መካከልም መሬቱን ሁሉ በድንጋይ ከማንጠፍ ለእንሰትና ለቡና ማስቀረት ይገባል። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ነው፤ ዛፍ የሌለበት የመኖሪያ ግቢ ለዚህች ከተማ ያሳፍራል።

ባህልን ለማሳየት ተብሎ የጎጆ ክዳን ቅርፅ ኮንክሪት ላይ መለጠፍን አልደግፍም። እሱ ለሕንፃው ጌጥ እንጂ ለሰፈሩ መልክ አይሆንም።

በቦንጋ ቤት ለመሥራት በማኅበር የተደራጃችሁ፣ ንድፍ ተቀብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ከባለሙያው አንድ ነገር ጠይቁ፦ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ፣ የቆሙትን ዛፎችና ሰው የሚመላለስባቸውን የእግር መንገዶች የሚያሳይ የቦታ ልኬት። ያ ሳይቀርብላችሁ አትፈርሙ።