በሚዞር አካል ላይ ታካኪውን ፍጥንጥነት ስለ ማስላት

በብረት ሥራ ቤት ውስጥ መሣሪያ የሚሳልበትን፥ በኤሌክትሪክ ሞቶር የሚዞረውን ክብ ድንጋይ እንመልከት። ሞቶሩ ሲነሣ፥ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ያለች አንዲት ቅንጣት ፍጥነቷ ይጨምራል፤ አቅጣጫዋም ይለወጣል። ፍጥነት በየሴኮንዱ የሚያሳየውን ለውጥ ፍጥንጥነት እንለዋለን። የፍጥነቱን መጠን የሚለውጠው ክፍል ክቡን በሚታከከው መስመር ላይ ስለሚውል ታካኪ ይባላል፤ አቅጣጫውን የሚለውጠው ግን ወደ ክቡ መካከል ያመለክታል።

የድንጋዩ ሬድየስ 0.1 ሜትር ይሁን፤ ከቆመበት ተነሥቶ፥ ፍጥነቱን በእኩል እየጨመረ፥ በ4 ሴኮንድ ውስጥ በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ ይድረስ እንበል። ይህ በሴኮንድ 50 ዙር ነው። አንድ ዙር 6.28 ራዲያን ስለ ሆነ፥ የዙረቱ ፍጥነት በሴኮንድ 314 ራዲያን ይሆናል። ይህን ለ4 ስናካፍለው የዙረቱ ፍጥንጥነት 78.5 ራዲያን በሴኮንድ ካሬ ነው። በሬድየሱ ብናባዛው ታካኪው ፍጥንጥነት 7.85 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም ከምድር ስበት ፍጥንጥነት፥ ማለት ከ9.8፥ ያንሳል።

ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆመ ሰው ድንጋዩ የሚያሰጋ ነገር የለበትም ብሎ ይፈርድ ይሆናል። ነገር ግን ወደ መካከል የሚያመለክተው ፍጥንጥነት የሚገኘው የዙረቱ ፍጥነት በራሱ፥ ከዚያም በሬድየሱ ሲባዛ ነው። በሙሉ ፍጥነት ይህ 9,860 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ያህል፥ የምድር ስበት ፍጥንጥነት አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ድንጋዩ በተነሣ በ0.11 ሴኮንድ ላይ ነው። ሬድየሱ በሁለቱም ስሌት ውስጥ ስለሚገባ፥ ይህች ጊዜ ለጠርዙም ለመካከሉም አንድ ናት። ከዚያ ወዲያ ታካኪው ባለበት ሲቆይ ሌላው ያድጋል፤ ከ4 ሴኮንድ በኋላ ፍጥነቱ ሲረጋ ታካኪው ዜሮ ሲሆን፥ ሌላው ከነሙሉ መጠኑ ይኖራል።

እንግዲህ ታካኪው ፍጥንጥነት የሚነግረን ሞቶሩ ድንጋዩን ለማስነሣት የሚደክመውን ድካም ነው። ድንጋዩ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ የሚወሰነው ግን በሌላው ነው፤ ቅንጣቷን በክቡ ላይ የሚያቆያት የድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ ነውና። የዙረቱ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን ይህ ፍጥንጥነት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በድንጋዩ ላይ ከተጻፈው የዙር ልክ ማለፍ አይገባም። አዲስ ድንጋይ ሲገጠምም መከለያውን አድርጎ፥ ወደ ጎን ገለል ብሎ፥ ሥራ ሳያስነኩ በሙሉ ፍጥነት አንድ ደቂቃ ያህል ማዞር የሚታዘዘው በዚሁ ምክንያት ነው።