በዳባት፣ በደባርቅና በሰሜን ተራሮች ግርጌ የተረሱ የጨዋታ ቦታዎችን ስለ መፈለግ

በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር የብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዘው በትርፍ ጊዜያቸው የሚዞሩ ሰዎች አስቀድመው የሚያጠኑት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ሕዝብ ይዝናናበት የነበረና ዛሬ የተረሳ ቦታ ነው። አሳባቸው ቀላል ነው፤ ሰው በሚጫወትበት፣ በሚዋኝበትና ምሳውን ዘርግቶ በሚበላበት ስፍራ ከኪሱ ሳንቲም ይወድቃል፤ ስፍራው ሲረሳም ሳንቲሙ እዚያው ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይኸው አሳብ ከጎንደር በስተ ሰሜን በሚገኘው አገር ምን ያህል እንደሚያገለግል ነው። እንደሚመስለን ጥናቱ እጅግ ይጠቅማል፤ መሣሪያው ግን እምብዛም።

በመጀመሪያ የጨዋታ ቦታ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ መግለጽ ይገባል። በዚህ አገር ለመዝናኛ ብቻ ተብሎ የተከለለ ቦታ አልተለመደም፤ ጨዋታው ከበዓል፣ ከገበያና ከከብት ጥበቃ ጋራ የተያያዘ ነው። በታኅሣሥ ጎረምሳው ሩር የሚማታበት የገና ሜዳ፣ በጥምቀት ታቦቱ የሚያድርበት ባሕረ ጥምቀትና በዙሪያው ያለው መስክ፣ ደመራ የሚቆምበት አደባባይ፣ ፈረሰኞች ጉግስ የሚገጥሙበት የወገራ ደልዳላ ሜዳ፣ እረኞች ገበጣ የሚጫወቱበት ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ እነዚህ ሁሉ የሕዝብ መዝናኛዎች ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ በዓለት ላይ የተቦረቦረው የገበጣ ጉድጓድ ከማናቸውም መሣሪያ ይበልጥ የታመነ ምስክር ነው፤ ለማየት ዓይን ብቻ ይበቃል።

እንዲህ ያለውን ቦታ የሚፈልግ ተማሪ ወደ ሽማግሌዎች ሲሄድ አጠያየቁን ማወቅ አለበት። «የድሮው የጨዋታ ቦታ ወዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ ላያገኝ ይችላል፤ ባላገሩ ቦታውን በዚህ ስም አያውቀውምና። ይልቁንስ «አባባ፣ በልጅነትዎ ታቦቱ በየት በኩል ይወርድ ነበር? ታቦቱ ከገባ በኋላስ ጎረምሳው ወዴት ይሄድ ነበር? ገና ሲመታ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር የሚለየው በየትኛው ወንዝ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሴቶችንም መጠየቅ አይዘንጋ፤ የውሃ መቅጃው መንገድና ልጃገረዶች የሚጨፍሩበት ቦታ በእነርሱ ዘንድ ይበልጥ ይታወቃል። ሜዳው ዛሬ የባሕር ዛፍ ደን ወይም የገብስ ማሳ ቢሆንም ስሙ ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

ለመረሳቱ አንዱ ምክንያት የመንገድ መለወጥ ነው። ከጎንደር ወደ ምጽዋ ይወርድ የነበረው የነጋዴ መንገድ በሊማሊሞ ያልፍ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የገባው በዚሁ በኩል ነው። ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን በሊማሊሞ ገደል የመኪና መንገድ በጠረቡ ጊዜ ግን ጉዞው ወደ አዲሱ መንገድ ዞረ። ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን አራግፎ ያመሽባቸው የነበሩ ሰፈሮች ከመንገዱ ሲርቁ የሚያያቸው አጡ።

አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ። የውጭ አገሩ ዘዴ በሳንቲም መጥፋት ላይ የቆመ ነው፤ እዚህ ግን ለብዙ ዘመን ትንሹ መገበያያ አሞሌ ጨው ነበር፤ አሞሌ ደግሞ መሬት ላይ ቢወድቅ በአንድ ክረምት ይሟሟል። ትልቁ ገንዘብ የማርያ ቴሬዛ ብር ሲሆን አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህን ያህል ሀብት የጠፋበት ሰው ሳይፈልገው ወደ ቤቱ አይገባም። ቢገኝም እንኳ በላዩ የተቀረጸው ዓመት ዘወትር 1780 ስለ ሆነ መቼ እንደ ጠፋ አይናገርም። 1936 ዓ.ም. የሚል የተጻፈባቸው የመዳብ ሳንቲሞች የወጡት በ1937 ዓ.ም. ነው፤ እነርሱ የተገኙበት ሜዳ ቢያንስ ከዚያ ወዲህ ሰው ያዘወትረው እንደ ነበረ ያመለክታሉ። ከዚህ ቀር የሚጠበቀው የልጓም ቁራጭ፣ እርካብ፣ የአንገት መስቀል፣ የጆሮ ኩክ ማውጫ፣ በሠርግና በልቅሶ የተተኮሰ ጥይት ቀለህ ነው። የገናው ዱላና ሩር ግን ለመሣሪያው ምንም ምልክት አይተዉም፤ ስለዚህ በጣም የተወደደው ሜዳ በመሣሪያው ፊት ዝም ያለ ሜዳ ነው።

መሬቱም ራሱ ያስቸግራል። መሣሪያው በክብ ሽቦው የሚለዋወጥ የማግኔት ኀይል ወደ ምድር ይልካል፤ ኀይሉ ብረታ ብረት ሲያገኝ በዚያ ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ የእርሱንም ምላሽ መሣሪያው በድምፅ ያሰማል። የሰሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ባዛልት የተሠሩ ስለ ሆኑ ብረት አዘል ማዕድን በአፈሩ ውስጥ ሞልቷል፤ ስለዚህ መሣሪያው በባዶ ድንጋይ ላይም ይጮኻል።

ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በጮኸበት ቦታ ያለው ነገር የጨዋታ ትራፊ አለመሆኑ ነው። ደልዳላ ሜዳ ለጉግስ እንደሚመች ለጦርም ይመቻል። ደጃዝማች ካሣ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ነው። በሊማሊሞ አፋፍ የመሸገው የኢጣልያ ጦር እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በዳባት ወረዳ በጭና ዙሪያ ውጊያ ተደርጎ ሰላማውያን ሰዎች ተገድለዋል። ጦር ባለፈበት መሬት ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ሊኖር ይችላል፤ መሣሪያውም ቦምቡን ከእርካቡ ለይቶ አይናገርም። ከብት ጠባቂ ልጆች ያገኙትን ብረት አንሥተው መጫወት እንደሚወዱ ሁሉም ያውቃል፤ እነርሱ እያዩ ሜዳ የሚቆፍር ተማሪ ክፉ ትምህርት ያስተምራል። አጠራጣሪ ነገር ያየ ሰው ሳይነካው ቦታውን ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌው ያስታውቅ።

ሕጉም ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ ማካሄድ ክልክል ነው፤ ለሌላ ሥራ ሲቆፍር በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያው ማስታወቅና ያገኘውን ባለበት መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ተማሪው ይዞት የሚሄደው ደብተር፣ እርሳስና የቦታውን ልክ የሚያሳይ ካርታ ቢሆን ይሻላል እንላለን።

በዚህ ረገድ ቶሎ ሊጠየቁ የሚገባቸው የግጭ ሰዎች ናቸው። መንደራቸው እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነበረ፤ በ2008 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። ሜዳቸው ዛሬ ለዋልያና ለጭላዳ ተትቷል፤ የሠርጋቸውና የልጅነት ጨዋታቸው ቦታ ግን ገና በአፋቸው ላይ ነው። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ከተማ ስለ ሆነ ተማሪው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ለእያንዳንዱ ቦታ ስሙን፣ ጨዋታው የሚደረግበትን ወርና ቀን፣ ሁለቱ ወገኖች እነማን እንደ ነበሩ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወቱበትን ዓመት፣ የሚያዋስነውንም ምንጭ ወይም ገደል ይጻፍ፤ ተናጋሪው ፈቃደኛ ከሆነ ስሙና ዕድሜው ከጎኑ ይመዝገብ።