የሴይስሚክ ነጸብራቅ ጥናት

የሴይስሚክ ነጸብራቅ ጥናት ሞገድ ወደ መሬት በመላክና ከአለት ንብርብሮች ተመልሶ የሚመጣውን ማሚቶ በመመዝገብ የከርሰ ምድርን አወቃቀር ለማወቅ የሚያገለግል የጂኦፊዚክስ ዘዴ ነው። በዋናነት ለነዳጅ ዘይትና ለተፈጥሮ ጋዝ ፍለጋ ይውላል። በ1921 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ በጆን ካርቸርና በባልደረቦቹ ተሞክሯል።

አሠራር

በየብስ ላይ ሞገዱ የሚፈጠረው ጉድጓድ ውስጥ በሚፈነዳ ፈንጂ ወይም መሬቱን በሚያንቀጠቅጥ ከባድ ተሽከርካሪ ነው። ሞገዱ በጥግግት ወይም በሞገድ ፍጥነት ከላይኛው የሚለይ ንብርብር ላይ ሲደርስ ከፊሉ ይመለሳል፤ ቀሪው ወደ ታች ይቀጥላል። የተመለሰውን በመስመር የተደረደሩ ጂኦፎኖች ይቀበሉታል።

መሣሪያው የሚለካው ጊዜን እንጂ ጥልቀትን አይደለም። ማሚቶው በ2 ሰከንድ ቢመለስና የሞገዱ አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 3000 ሜትር ቢሆን፣ ጊዜው የደርሶ መልስ ስለሆነ ንብርብሩ 3000 ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል። ፍጥነቱ በ10 በመቶ ከተሳሳተ ግን ጥልቀቱ በ300 ሜትር ይዛነፋል፤ ለቁፋሮ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። በአቅራቢያ የተቆፈረ ጉድጓድ ካለ ፍጥነቱ በእርሱ ይስተካከላል።

ባለሙያዎች በምስሉ ላይ የሚፈልጉት ጋዝ ወይም ዘይት ሊታቆር የሚችልበትን ቅርጽ ነው፦ ወደ ላይ የተቆለመመ ንብርብር፣ ወይም በስንጥቅ የተቆረጠና ፈሳሽ በማያሳልፍ አለት የተከደነ አሸዋ ድንጋይ።

በኢትዮጵያ

ለዘዴው በጣም የሚመቸው የኦጋዴን ተፋሰስ ነው፤ አሸዋ ድንጋይ፣ ኖራ ድንጋይና ጂፕሰም በብዙ ሺህ ሜትር ውፍረት ተነባብረውበታል። የካሉብና የሂላላ ጋዝ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ አጋማሽ በአሜሪካው ቴኔኮ ኩባንያ ተገኘ፤ በ1980ዎቹ የሶቪየት ባለሙያዎች ካሉብ ላይ ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፍረዋል። ጋዙ ካለባቸው አለቶች አንዱ ስሙን ከትግራይዋ ከተማ ያገኘው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው።

ይኸው አሸዋ ድንጋይ በዓባይ ሸለቆ ገደል ላይ በዓይን ይታያል። ደቡብ ወሎ ውስጥ ወረኢሉ አካባቢም ከመሬት የሚወጣ ዘይት ታይቷል። ነገር ግን ደጋውን የሸፈነው ወፍራም ባዛልት ሞገዱን ስለሚበትነው ከሥሩ ያለው ምስል ይደበዝዛል። በኦጋዴን የተሳካ አሠራር በወሎ ያንኑ ውጤት አይሰጥም።

ጥሩ ምስልም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። ደቡብ ኦሞ ውስጥ ተሎው ኩባንያ በ2013 እ.ኤ.አ. ሳቢሳ ላይ ሲቆፍር የሃይድሮካርቦን ምልክት ቢያገኝም ለገበያ የሚበቃ ክምችት አላገኘም። ሴይስሚክ የሚያሳየው በዋነኛነት የማጠራቀሚያውን ቅርጽ ሲሆን በውስጡ ምን እንዳለ የሚያረጋግጠው ቁፋሮ ነው።

ከነዳጅ ውጭ

በሴይስሚክ ሞገድ ጥልቀት የሌለውን መሬት ማጥናትም ይቻላል። እንደ ቂርቆስ ካዛንቺስ ባለ ፎቅ በሚበዛበት ሰፈር፣ ለመሠረት የሚሆነው ጠንካራ አለት ስንት ሜትር ላይ እንዳለ ለመገመት መዶሻና ጥቂት ጂኦፎኖች ሊበቁ ይችላሉ። ችግሩ የመኪናውና የግንባታው ንዝረት ከማሚቶው ጋር መቀላቀሉ ነው። ስለዚህ መዶሻው ደጋግሞ ይመታል፤ ምዝገባዎቹ ሲደመሩ ማሚቶው እየጎላ፣ ሁከቱ እርስ በርሱ እየተጣፋ ይሄዳል።