ከሬዲዮው በፊት ባትሪው፦ በባጃጅና በሞተር ሳይክል ላይ ሬዲዮ ሲገጠም መታወቅ ያለባቸው ነጥቦች

የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን መቀመጫ የሆነችው ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከባድ የጭነት መኪና፣ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ፣ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ይህንኑ አንድ መንገድ ይጋራሉ። እሑድ ወደ ሰንበቴ ገበያ፣ በሌላውም ቀን በከተማዋ ውስጥ ሰውና ዕቃ ሲያመላልስ ለሚውል አሽከርካሪ ሬዲዮ የዜና ምንጩም የመንገድ ጓደኛውም ነው። ለዚህም ነው ብዙዎች ሬዲዮ ያልነበረውን ተሽከርካሪ ሬዲዮ የሚያስገጥሙት፣ የነበረውንም ይበልጥ በሚጮኽ የሚተኩት።

ይሁን እንጂ ጥራት ያለው ድምፅ የሚገኘው ትልቅ ሬዲዮ በመግዛት ብቻ አይደለም። ተሽከርካሪው ሊያመነጭ የሚችለው ኃይል፣ ሬዲዮው የሚቀበለው የሞገድ ክልል፣ የአንቴናው ርዝመትና የሽቦው አዘረጋግ ከዋጋው በላይ ውጤቱን ይወስናሉ። እነዚህ ሳይታሰቡ ሲቀሩ ትርፉ የሞተ ባትሪ፣ የተቃጠለ ሽቦ፣ ከዚያም ሲከፋ ያልተሰማ ክላክስ ይሆናል።

የፋብሪካ ሬዲዮና የኃይል ጉዳይ

በዓለም ገበያ ለረጅም ጉዞ ተብለው የሚሠሩ ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ከፋብሪካ ሬዲዮ ተገጥሞላቸው ይወጣሉ። የጃፓኑ ሆንዳ ጎልድዊንግና የአሜሪካው ሃርሊ ዴቪድሰን ለዚህ ዋና ምሳሌዎች ናቸው። የጎልድዊንግ 1,800 ሲሲ ሞተር ሳይክል ዲናሞ ከ1,000 ዋት በላይ ስለሚያመነጭ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ መጨመር አይከብደውም።

በእኛ መንገዶች ላይ የሚበዙት ከ100 እስከ 200 ሲሲ የሆኑ ሞተር ሳይክሎችና ባጃጆች ግን የዚህን ጥቂት እጅ ብቻ ነው የሚያመነጩት። ከዚያችው ላይ የፊት መብራት፣ የፍሬን መብራት፣ ፍሬቻና ክላክስ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ለሬዲዮ የሚተርፈው ትንሽ ነው።

እዚህ ላይ ቀላል ስሌት ይረዳል። 7 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 2 አምፔር በሚስብ ሬዲዮ ቢጫወትበት በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ባዶ ይሆናል። ሞተር ለማስነሳት ደግሞ ከፍተኛ ኃይል ስለሚያስፈልግ ባትሪው እስኪሟጠጥ ሳይቆይ ገና በግማሹ ማስነሳት ሊያቅተው ይችላል። ተራ እየጠበቁ ሬዲዮ ከፍቶ መቀመጥ ባትሪ ቶሎ የሚያረጅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በሬዲዮው ካርቶን ላይ የሚጻፈው የዋት ቁጥርም አያታልል። «50 ዋት በ4» የሚል ጽሑፍ 200 ዋት ማለት ነው። ሬዲዮው ከጀርባው የያዘው ፊውዝ 10 አምፔር ከሆነ ግን በ14 ቮልት ሊስብ የሚችለው ቢበዛ 140 ዋት ገደማ ነው፤ ከዚህም ከፊሉ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ስለዚህ ገዥ ከካርቶኑ ይልቅ ፊውዙን ቢመለከት እውነቱን ያገኛል።

ጣቢያው ለምን አይገኝም?

ሌላው የተለመደ ችግር ሬዲዮው እየሠራ የሚፈለገው ጣቢያ አለመገኘቱ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው ዓለም ለኤፍ ኤም የሚጠቀመው ከ87.5 እስከ 108 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ክልል ነው። የጃፓን የኤፍ ኤም ክልል ግን ለረጅም ዘመን ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነበር፤ ኋላ ላይ ወደ 95 ከፍ ብሏል። ለጃፓን ገበያ ተሠርቶ፣ በዚያው አገልግሎ ወደ ሀገራችን የሚገባ ተሽከርካሪ የፋብሪካ ሬዲዮው ከ90 በላይ ያሉትን ጣቢያዎች የማይይዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ በአካባቢያችን ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንመልከት። 87.9 ላይ የሚሠራጨው የደሴ ኤፍ ኤም በጃፓኑ ሬዲዮ ላይ ሊደመጥ ይችላል። 91.4 ላይ ያለው የደብረ ብርሃን ኤፍ ኤም ግን በአሮጌው የጃፓን ሬዲዮ አይገኝም። ለአሜሪካ የተሠራ ሬዲዮ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለው፤ በ0.2 እየዘለለ 91.3 እና 91.5 ላይ ሲቆም 91.4ን ያልፋታል። ብዙዎቹ አዳዲስ ሬዲዮዎች ክልል መምረጫ ስላላቸው ይህንን በማስተካከል ብቻ ችግሩ ይፈታል። የጃፓኑ ግን ሞገድ ቀያሪ መሣሪያ ይፈልጋል፤ አለበለዚያ መተካት ነው።

የመሬቱ አቀማመጥም ሊታሰብ ይገባል። የኤፍ ኤም ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራ ይጋርደዋል። ከሚሴ ከደሴ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በቦርከና ሸለቆ፣ በጨፋ ሜዳ አቅራቢያ የምትገኝ ዝቅተኛ ቦታ ናት፤ በምዕራብ በኩልም ከፍታው ይቆምባታል። ስለዚህ ትክክለኛ አንቴና ከተጨማሪ ዋት ይልቅ ይጠቅማል። ለኤፍ ኤም ተስማሚው ቀጥ ያለ አንቴና የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህላል፤ ይህም ለ87.9 ሜጋ ኸርዝ 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዳሽቦርድ ውስጥ የተጠቀለለች አጭር ሽቦ ይህንን አትተካም። በባጃጅ ላይ አንቴናው ከብረት አካሉ ውጭ ቆሞ፣ የመሬት ሽቦውም ቀለም በሌለው ብረት ላይ በደንብ ቢታሰር ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል።

ሞተሩ ሲፈጥን አብሮ የሚፈጥን «ጥዝዝ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ምንጩ ብዙ ጊዜ ካንዴላው ነው። ሬዚስተር ያለው ካንዴላ ይህንን ረብሻ ይቀንሳል፤ በኤንጂኬ ካንዴላዎች መለያ ላይ ያለው አር የሚለው የላቲን ፊደል ይህንኑ ያመለክታል። ርካሽ የኤልኢዲ መብራትና የስልክ ቻርጀርም ሞገዱን ይረብሻሉ። እነሱን አጥፍቶ መሞከር ጥፋተኛውን ለመለየት በቂ ነው።

ሽቦው ሲዘረጋ

አብዛኞቹ የተሽከርካሪ ሬዲዮዎች ሦስት ዋና የኃይል ሽቦዎች አሏቸው። ቢጫው የጣቢያዎችንና የሰዓቱን ማስታወሻ ለመያዝ ሁልጊዜ ከባትሪ ጋር ይገናኛል። ቀዩ ከቁልፉ ጋር ተያይዞ ቁልፉ ሲነቀል ሬዲዮውን ያጠፋል። ጥቁሩ የመሬት ሽቦ ነው። ሥራ ለማቅለል ቢጫውንና ቀዩን አንድ ላይ አስሮ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ማገናኘት የተለመደ ስሕተት ነው፤ አሽከርካሪው ሬዲዮውን ሳያጠፋ ሲያድር ባትሪው ሞቶ ያነጋል።

ከባትሪው የሚወጣው ሽቦ ፊውዝ ሊኖረው ግድ ነው፤ ፊውዙም በተቻለ መጠን ለባትሪው መቅረብ አለበት። ሽቦ በንዝረት ተፍቆ ብረት ሲነካ የሚያድነው እሱ ብቻ ነው። በሞተር ሳይክል ላይ ሽቦው ከቤንዚን ጋኑ ሥር ስለሚያልፍ ጉዳዩ የሬዲዮ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ነው። የተበጠሰ ፊውዝ በመዳብ ሽቦ መጠምጠም ይህንን ብቸኛ መከላከያ ማስወገድ ነው።

ድምፁ ምን ያህል ይበቃል?

የድምፅ ማጉያን ዋት እጥፍ ማድረግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 እጥፍ ገደማ ኃይል ያስፈልጋል። ትንሽ ዲናሞ ይህንን አይችልም። ማጉያውን ወደ አሽከርካሪው ጆሮ ማቅረብ፣ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥና ከነፋስ መከለል ያለ ተጨማሪ ኃይል ብዙ ያሻሽላል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ጆሮ አስተማማኝ ያለው መጠን 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ሲሆን፣ ድምፁ 90 ሲደርስ ጊዜው ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ከንጋት እስከ ምሽት ለሚሠራ የባጃጅ አሽከርካሪ ይህ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው። በዚህ ሳቢያ የሚደርስ የመስማት ጉዳት ደግሞ ቀስ በቀስ የሚመጣና የማይመለስ ነው።

ከሁሉም በላይ ከኋላ የሚመጣው ከባድ መኪና የሚያሰማው ክላክስ መሰማት አለበት። መስኮትና በር በሌለው ባጃጅ፣ ይልቁንም በሞተር ሳይክል ላይ ጆሮ ሁለተኛ ዓይን ነው። ሁለቱንም ጆሮ በማዳመጫ ደፍኖ ማሽከርከር ይህንን ዓይን ማጥፋት ነው። ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ሲል ሳይጮኽ ከተሰማ፣ የድምፁ መጠን ልክ ነው ማለት ይቻላል።

ሬዲዮ ለመቀየር ያሰበ አሽከርካሪ እንግዲህ በቅድሚያ ባትሪውንና ዲናሞውን ያስለካ፤ ቀጥሎ አንቴናውን ያስተካክል፤ የክልል መምረጫውንም ይፈትሽ። ብዙ ጊዜ አሮጌው ሬዲዮ እዚሁ ላይ ይድናል፤ ለአዲሱ የታሰበው ገንዘብም በኪስ ይቀራል። መቀየሩ ግድ ከሆነም ሥራውን ፊውዝ በትክክል ለሚያስር የመኪና ኤሌክትሪሺያን መስጠትና ተሽከርካሪውን ከመረከብ በፊት ቁልፉ ሲነቀል ሬዲዮው መጥፋቱን ማረጋገጥ ይገባል።